የተጎዳ ጉልበት በራስ ሕዋስ ሲጠገን



ወደ ሱጁድ ስትወርዱ ጉልበታችሁን ያማችኋል? ወይስ ወላጆቻችሁ ከሱጁድ ለመነሳት ይቸገራሉ? «ጉልበት በራስ ሕዋስ ይታደሳል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም ጉልበት አይሆንም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ልዩነት እወቁ።

ልም አጥንት ለምን አይድንም?

ጉልበት ላይ የሚገናኙት አጥንቶች ጫፋቸው ነጭና አንሸራታች በሆነ ሽፋን የተሸፈነ ነው። ይህም ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ ይባላል። የደም ሥር ስለሌለው በመውደቅ ወይም በኳስ ጨዋታ ሲቦደስ እንደ ቆዳ ቁስል ራሱን አይጠግንም።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

ዘዴውን በሰው ላይ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ እነ ዶክተር ላርስ ፒተርሰንና ማትስ ብሪትበርግ ናቸው። ሁለት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በመጀመሪያው፣ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ብዙ ክብደት ከማያርፍበት የጉልበት ክፍል ጥቂት ልም አጥንት ይወሰዳል። ሕዋሳቱም ላቦራቶሪ ውስጥ ለሳምንታት እንዲራቡ ይደረጋል። በሁለተኛው፣ የተቦደሰው ቦታ ይጸዳና ሕዋሳቱ ይቀመጡበታል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሐኪሞቹ የ23 ታካሚዎችን ውጤት አሳተሙ። ጉዳቱ በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ከነበረባቸው 16 ሰዎች 14ቱ ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ውጤት አገኙ። ጉዳቱ በጉልበት ሎሚ ላይ ከነበረባቸው 7 ሰዎች ግን እንዲህ የተሻላቸው 2 ብቻ ነበሩ።

ለማን ይሆናል?

በአደጋ ምክንያት በአንድ ቦታ ላይ ለተቦደሰ የወጣት ወይም የጎልማሳ ጉልበት ነው። በዕድሜ ብዛት ሙሉ በሙሉ ላለቀ ጉልበት አይደለም። ስለዚህ እናት አባታችሁን ለዚህ ብላችሁ ወደ ውጭ አገር ከመላካችሁ በፊት የአጥንት ሐኪም አማክሩ።

ምን እንጠይቅ?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕዋሳቱ የሚከደኑት ከታካሚው ከራሱ ቅልጥም በተገፈፈ ስስ ሽፋን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው «ማሲ» የተባለው ዓይነት ግን ሕዋሳቱን የሚይዘው ከአሳማ በተገኘ ኮላጅን በተሠራ ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ «ሽፋኑ ከምን የተሠራ ነው? ሌላ አማራጭስ አለ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። መልሱንም ይዛችሁ ዑለማዎችን አማክሩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ክራንች መያዝና ፊዚዮቴራፒ መከታተል የግድ ነው። ሐኪሙ ጉልበት ማጠፍ እስኪፈቅድ ድረስም ሶላት ተቀምጦ ይሰገዳል።

ጤነኛ ጉልበት ያላችሁ ደግሞ ጠብቁት። ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው 1 ኪሎ ሲቀንስ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ስኳርና ቅባት ቀንሱ፤ ከተቻለም ወደ መስጂድ በእግራችሁ ሂዱ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። አሚን።