ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ አይደለም

እዚህ ካኩማ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ብዙ ጊዜ «ታይፎይድ ነው» ይባልና ከሱቅ ክኒን ተገዝቶ ይዋጣል። በሽታው ወባ ከሆነ ግን ሳይታከም ቀናት ያልፋሉ፤ ወባ ደግሞ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ጊዜ አይሰጥም።

ታይፎይድ ምንድን ነው?
የአንጀት ተስቦ ማለት ነው። በቅማል ከሚተላለፈው ተስቦ ይለያል። ባክቴሪያው የሚኖረው በሰው ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋል።

ምልክቶቹ
ትኩሳቱ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ይሄዳል። ራስ ምታት፣ ድካም፣ የሆድ ሕመም፣ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ይኖራል። ወባ ብዙ ጊዜ በብርድና በማንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሆኖም ሁለቱን በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም።

ምርመራው
በቅድሚያ የወባ ምርመራ ይደረግ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል። በ1896 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዊዳል ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነታችን ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል ታይፎይድ የያዘው፣ አንዳንዴም ወባ ያለበት ሰው «አለብህ» ሊባል ይችላል። የዊዳል ወረቀት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የተሻለው የደም ካልቸር ነው፤ እርሱም ብዙ ሕመምተኞችን ያልፋቸዋል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም። በመሆኑም ወባ አለመኖሩ ተረጋግጦ ትኩሳቱ ከ3 ቀን በላይ ከቆየ፣ ሐኪሙ ሕመምተኛውን መርምሮ የታይፎይድ ሕክምና ሊጀምር ይችላል።

ሕክምናው
ቀድሞ ዋናው መድኃኒት ክሎራምፌኒኮል ነበር። ጀርሙ እርሱንም ሆነ ሲፕሮፍሎክሳሲንን በብዙ አገር ተላምዷል። ስለዚህ ሐኪሙ አዚትሮማይሲን፣ ለጠናበትም ሴፍትራያክሶን በመርፌ ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱ ከተጀመረም በኋላ ትኩሳቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ተስፋ አይቆረጥ። «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥም በሽታውን ሊመልሰው ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች
ሆድ ድንገት አጥብቆ ቢያም ወይም ቢጠነክር፣ ዓይነ ምድር ደም ቢቀላቅል ወይም እንደ ሬንጅ ቢጠቁር፣ ሕመምተኛው ቢቀባዥር፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አንጀት ተበስቶ ከሆነ የሚያድነው ኦፕራሲዮን ነው።

መከላከያው
ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣና ምግብ ከመንካታችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ውኃችንን በክሎሪን አክመን ወይም አፍልተን፣ ክዳን ባለው ጀሪካን እናስቀምጥ። አንዳንድ ሰዎች ከዳኑ በኋላም ጀርሙን ተሸክመው ይኖራሉና ምግብ የሚሸጡ ወገኖች በተለይ ይጠንቀቁ።

ክኒን ከመግዛታችን በፊት ደማችንን እናስመርምር።