የጀዕፈር ቤት ምግብና የጓደኛችን ዕዳ



ባለፈው ሰሚስተር አጋማሽ ከጀመዓችን አንድ ወንድም በአጭር ሕመም ወደ አኺራ ሄዷል። ይህን ትምህርት ካዘጋጀነው አምስት ልጆች ለአንዳችን የአጎት ልጅ ነበር፤ ለሌሎቻችን ደግሞ ከቁርኣን ቤት ጀምሮ አብሮን ያደገ ጓደኛ። መርካቶ ተወልዶ፣ ከትምህርት ቤት መልስ መድረሳ እየቀራ፣ ቅዳሜና እሁድ አባቱን ሱቅ እያገዘ ነው ምህንድስና የገባው። አንዋር መስጂድ ሰላተል ጀናዛ ተሰግዶበት ኮልፌ ተቀበረ። አላህ ይዘንለት፤ ቀብሩን ያስፋለት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም የስልካችንን ፎቶ በእሱ ፎቶ ቀየርን። በሦስተኛው ሳምንት ፈተና ደረሰ፤ አንድ በአንድ የራሳችንን ፎቶ መለስን። አንዳችን ይህን አስተውሎ «እሱን ማስታወስ በቃ ይኸው ነው?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። መልሱን ፍለጋ ወደ ሲራ ተመለስን፤ ያገኘነው ደግሞ ከአገራችን ጋር የተያያዘ ታሪክ ሆነ።

1. የአጎት ልጅና ወዳጅ

ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ ነው። ነቢዩ በመልክም በጠባይም እኔን ትመስላለህ ብለውታል። ወደ ሐበሻ በተሰደዱት ሙስሊሞች ስም ነጃሺ ፊት ቆሞ የተናገረው እሱ ነው። ከባለቤቱ ከአስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ጋር ከአሥር ዓመት በላይ በዚህች ምድር ኖሯል፤ ልጃቸው ዐብዱላህም እዚሁ ሐበሻ ነው የተወለደው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲመለስ የኸይበር ድል ከመገኘቱ ጋር ገጠመ፤ ነቢዩም በኸይበር መከፈት ይሁን በጀዕፈር መምጣት የበለጠ የምደሰተው አላውቅም እንዳሉ ተዘግቧል።

አብረው የቆዩት ግን ጥቂት ጊዜ ነበር። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629) ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ።

2. ማልቀስና ምግብ መላክ

ነቢዩ ወደ አስማ ቤት ሄዱ። አስማ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ነበር፤ ገና ምንም አልሰማችም። ነቢዩ ልጆቹን አስጠርተው አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸውም አነባ። አስማ በዚያ ነው ነገሩን የጠረጠረችው።

ከዚህ የመጀመሪያውን ትምህርት እንወስዳለን፤ እንባ የኢማን ድክመት አይደለም። በለቅሶው ቀን አንዳንዶቻችን «ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ሰብር አድርግ» እያልን የአጎቱን ልጅ አስጨንቀነው ነበር። ተሳስተን ነበር። የተከለከለው ፊት መቧጨር፣ ልብስ መቅደድና ሙሾ ማውረድ እንጂ ዓይን ማንባቱ አይደለም።

ነቢዩ ከዚያ ቤት እንደወጡ ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ምክንያቱን ሲናገሩም ሌላ ነገር እንዳያስቡ የሚያደርግ ነገር ስለገጠማቸው ነው አሉ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሱናው ግልጽ ነው፤ ጎረቤት ሐዘንተኛውን ያበላል። መርካቶ ላይ ይህ ሱና አልጠፋም። በጓደኛችን ለቅሶ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት እንጀራና ወጥ በየመሶቡ ይዞ ሲመጣ አይተናል። እኛ ተማሪዎቹ ግን በቡድን ሄደን፣ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን ተመለስን። እናቱ ሁለት ጊዜ ተነስተው «ልጆቼ ጨምሩ» እያሉ አስተናገዱን። የሐዘንተኛ ቤት እንግዳ ሆነን መቀመጣችን አሁን ያሳፍረናል። ከእንግዲህ ጀመዓው ለቅሶ ሲደርስ ምግብ ይዞ ሄዶ፣ ዕቃ አጥቦ ይመለሳል።

3. ዕዳውን መክፈል

በቀብሩ ዕለት ኢማሙ እንደ ወጉ «ከሟቹ ላይ ገንዘብ ያለው ቤተሰቡን ያናግር» ሲሉ ማንም አልተናገረም። ከወር በኋላ ግን የስታቲክስ ደብተሩን ለኖት ስንገለብጥ ከመጨረሻው ገጽ ላይ በእጁ ጽሑፍ እንዲህ የሚል አገኘን፦ «የቁልፍ አባባ፣ 1,750 ብር፣ ለካልኩሌተር።»

ካልኩሌተሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግማሹ ክፍል በየተራ ተፈትኖበታል። በብድር የተገዛ መሆኑን ግን አልነገረንም።

ነቢዩ ሦስት ዲናር ዕዳ ባለበትና ለዕዳው መክፈያ ምንም ባልተወ ሰው ጀናዛ ላይ አልሰግድም ማለታቸውን፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን ካለ በኋላ ግን መስገዳቸውን ቡኻሪ ዘግቧል። በሱረቱ ኒሳእ ላይም ውርስ የሚከፈለው ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ ነው። ስታቲክስ የተማርን ልጆች ይህ በቀላሉ ይገባናል፤ ጭነት ተሸካሚው ስለተወገደ ብቻ አይጠፋም፤ ሌላ ድጋፍ ካልተረከበው ይወድቃል። አቡ ቀታዳ ያደረገው ጭነቱን መረከብ ነው።

አባቱን አስፈቅደን አምስታችን 350፣ 350 ብር አዋጣን። «የቁልፍ አባባ» ማን እንደሆኑ ግን ቤተሰቡም አላወቀም። ሁለት ቅዳሜ ምን አለሽ ተራን ዞርን። በዚያ ሁሉ የብረት ቀጥቃጭ ድምፅ መካከል ቁልፍ የሚጠግን ሽማግሌ እያልን ስንጠይቅ ከረምንና በመጨረሻ አንዲት ጠባብ ደጃፍ ላይ አገኘናቸው። ሞቱን አልሰሙም ነበር። «ጠፋብኝ እኮ፣ ፈተና ይሆናል ብዬ ነበር» አሉ። ስንነግራቸው ሞረዳቸውን አስቀምጠው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

ገንዘቡን ስናቀርብ መጀመሪያ «ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። ቀጥለው ግን ተቀበሉና ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱት። «እናንተም ሸክም አይቅርባችሁ» አሉን። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው «በሉ እስቲ፣ ባንኩ ምን ብሎ እንደላከልኝ አንብቡልኝ። እሱ ነበር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያነብልኝ» አሉ።

4. የወደዳቸውን መውደድ

ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገረችን ነቢዩ በግ ሲያርዱ ከሥጋው ለኸዲጃ (ረ.ዐ) ወዳጆች ይልኩ ነበር፤ ኸዲጃ ከሞተች ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ በመንገድ ላይ ያገኘውን አንድ የገጠር ሰው የሚጋልበውን አህያና የራሱን ጥምጥም ሰጠው። ሰዎች ሲገረሙ የሰውየው አባት የአባቴ ወዳጅ ነበር አላቸው። ወደ ጀዕፈር ቤት ብንመለስም ይህንኑ እናገኛለን። ከሦስት ቀን በኋላ ነቢዩ ተመልሰው ከዛሬ በኋላ በወንድሜ ላይ አታልቅሱ አሉ፤ ፀጉር ቆራጭ አስጠርተውም የልጆቹን ፀጉር አስላጩ። አስማ የልጆቿን የቲም መሆን ስታነሳ በዱንያም በአኺራም የእነሱ ኃላፊ እኔ ሆኜ ድህነትን ትፈሪላቸዋለሽን አሏት። ለቅሶው በሦስት ቀን ቆመ፤ ልጆቹን መንከባከቡ ግን ቀጠለ።

ስለዚህ አሁን ከአምስታችን አንዱ በየቅዳሜው ተራ ገብቶ ምን አለሽ ተራ ይሄዳል፤ የቁልፍ አባባን መልእክት ያነብላቸዋል። እናቱን ደግሞ በየወሩ እንጠይቃለን። ካልኩሌተሩን አባቱ በልጃቸው ስም ሰደቃ ብለው ለጀመዓው ሰጥተውናል፤ የሌለው ተማሪ ይዋሰውና ለባለቤቱ ዱዓ ያድርግ። ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገሮች በስተቀር ይቋረጣል ተብለናል፤ ሰደቀቱን ጃሪያ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። ጓደኛችን ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ ነው የሄደው፤ ስለዚህ ሌሎቹን ሁለቱን እኛ ጓደኞቹ እናግዘው።

ውድ አንባቢ፣ አንተም አንቺም ያጣችሁት ዘመድ ወይም ጓደኛ ይኖራል። ዛሬ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ያልተከፈለ ዕዳ አለበት ወይ? ሲጠይቀው የነበረና አሁን ጠያቂ ያጣ ሰው ማን ነው? በመጨረሻ ዱዓ ያደረግንለት መቼ ነው? የራሳችሁንም ዕዳ ጻፉ፤ ስትጽፉ ግን ከቅጽል ስም ጋር ስልክ ቁጥር ጨምሩበት፤ እኛ ሁለት ቅዳሜ ዞረናልና።

አላህ ወንድማችንን ይማረው፤ ለወላጆቹ ሰብሩን ይስጣቸው፤ እኛንም በጀነት ከእሱ ጋር ይሰብስበን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ።