በወረርሽኝ ወቅት ለቤተሰብ ሽርሽር ተስማሚ የብስክሌት መንገድ አመራረጥ

የትምህርቱ ዓላማ፦ አንባቢው ቤተሰቡን ከኮቪድ-19 እና ከትራፊክ አደጋ የሚጠብቅ የብስክሌት መንገድ መምረጥ እንዲችል ማድረግ ነው።

ኮቪድ-19 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በወረርሽኙ ወቅት በቤት መቆየት ተደጋግሞ ተመክሮ ነበር። ይሁን እንጂ በቤት መቆየት ማለት አካልን አለማንቀሳቀስ ማለት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ቫይረሱ በገላጣ ስፍራ የመተላለፍ ዕድሉ በተዘጋ ክፍል ካለው ያነሰ ስለሆነ፣ አብረው የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት በብስክሌት መንሸራሸራቸው መልካም ነው።

ምሳሌ፦ ሲሪንቃ

ሲሪንቃ በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ ትገኛለች። ለብስክሌት ጎማ ከሁሉ የሚመቸው ይኸው አስፋልት ይመስላል። ነገር ግን ከባድ የጭነት መኪናዎች፣ ሚኒባሶችና ባጃጆች ይመላለሱበታል፤ ተሳፋሪና ነጋዴም በዳርቻው ይሰበሰባል። ስለዚህ ለስላሳው መንገድ ሁለቱም አደጋዎች የሚገናኙበት ነው። ከአስፋልቱ ወደ ማሳዎች የሚገቡት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ቢያንገጫግጩም ለቤተሰብ የተሻሉ ናቸው።

መንገድ ሲመርጡ

1. መንገዱን አስቀድሞ አንድ አዋቂ ብቻውን ሄዶ ይመልከተው። ልኩ የትንሹ ልጅ አቅም እንጂ የአባት ጉልበት አይደለም።
2. ገበያ፣ መናኸሪያና ሰው የሚበዛበት የውኃ መቅጃ የሌለበትን መንገድ ይምረጡ። የገበያ ቀንን ያስወግዱ፤ ማለዳን ይምረጡ።
3. ዳገቱን በመሄጃው ያድርጉት፤ የደከመ ልጅ ሲመለስ ዳገት አይጠብቀው። ከመነሣትዎ በፊት ፍሬኑን ይፈትሹ።
4. በክረምት ጅረት የሚያቋርጥ መንገድ አይምረጡ። በመንደሩ ሳይዘንብ በተራራው የዘነበ ዝናብ ድንገተኛ ጎርፍ ያመጣልና።
5. አስፋልት ማቋረጥ ግድ ከሆነ ሁሉም ወርዶ፣ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ልጆችን ይዞ ይሻገር።

በጉዞ ላይ

ከሌሎች መንገደኞች ቢያንስ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራቁ፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ ትንፋሽ ስለሚበረታ ከዚህም ማስፋት ይመረጣል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይያዙ፤ ሰው ወዳለበት ሲቃረቡ ያድርጉት። የመጠጥ ውኃ ለየራስ ይሁን። የተከራዩትን ብስክሌት መሪና ኮርቻ ሳይወለውሉ አይንዱ፤ ሲመለሱም እጅዎን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ። አንድ ብስክሌት ብቻ ያለው ቤተሰብ ልጆቹን በተራ እያስነዳ ወላጆች በእግር ቢከተሉ የሽርሽሩ ጥቅም አይቀርም።

ከቤተሰቡ አንዱ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለው ሁሉም ከቤት ይቆይ፤ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውሉ።

የመወያያ ጥያቄ፦ በሰፈራችሁ ትንሹ ልጅ ያለ ስጋት ሊነዳበት የሚችለው መንገድ የትኛው ነው? ሰው የማይበዛበትስ በየትኛው ሰዓት ነው? ዛሬ ማታ በቤተሰብ ተወያዩበት።