የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበላሽ፦ ለሰበካ ጉባኤያትና ለማእድ ቤት አገልጋዮች የቀረበ ትምህርት

ለሥራ ክትትል ወደ አድባራትና ገዳማት በምንወጣበት ጊዜ የዕቃ ቤቱን በር ማስከፈት ልማዳችን ሆኗል። በመዝገብ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብለው ከሰፈሩት ንብረቶች መካከል ደጋግመን የምናገኘው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ፣ አክንባሎው ጠፍቶ፣ ገመዱም ተቆርጦ ለሌላ ሥራ ተወስዶ ይገኛል። ከፍተን ካየናቸው መካከል ብዙዎቹን ያቆማቸው ብልሽት ከአንድ የተበጠሰ ሽቦ ወይም ከአንድ የላላ ብሎን የሚያልፍ አልነበረም።

ጉዳዩ የአንድ ዕቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምጣዱ በቆመ ማግስት ማእድ ቤቱ ወደ ማገዶ ይመለሳል፤ ማገዶውም ብዙ ጊዜ የሚለቀመው አባቶቻችን ጠብቀው ካቆዩት የቅጥሩ ደን ነው። ማገዶ ባጠረ ዕለት ደግሞ የአብነት ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መንደር ለመንደር ይዞራል፤ ለዜማና ለቅኔ የተመደበው ሰዓት በመንገድ ያልቃል። በዚህ እትም የምጣድን ጥገና ለትምህርታችን የመረጥነው ስለዚህ ነው።

አስቀድመን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደብር የሰንበቴ ማእድ ቤት የምጣዱ ሽቦ ተበጥሶ አገኘን። ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ስበንና ጠምዝዘን አያያዝናቸው፤ ምጣዱ ጋለ፤ እኛም ተመሰገንን። ሳምንት ሳይሞላው እዚያው ቦታ ላይ ተበጠሰ። የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጠን ዳግመኛ አሰርነው። በሦስተኛው ጉብኝታችን ስፒናው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን እንጀራ የሚጋግሩት እናት የነገሩን ነው። «ዲያቆን ልጄ፣ እኔማ ላስቲክ ጫማዬን ሳላደርግ አልቀርበውም፤ ይነዝረኛል» አሉን። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብንጠይቃቸው ከጾመ ፍልሰታ ወዲህ መሆኑን ነገሩን። ይህን የጠየቅናቸው በኅዳር ወር ነበር። ማንም ስላልጠየቃቸው አልተናገሩም፤ እኛ ግን «ተጠግኗል» ብለን ሪፖርት ጽፈን ነበር።

ስሕተቱ የት ላይ እንደነበረ ለመረዳት የምጣዱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሸክላው ከሥሩ እየተጠማዘዘ የሚዞር ቦይ አለው። በቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ የኒኬልና የክሮም ቅይጥ ሽቦ ይተኛል፤ በላዩም በጀሶ ወይም በሸክላ ጭቃ ይመረግና በላሜራ አካል ውስጥ ይቀመጣል። የሽቦው ሁለት ጫፎች ከገመዱ ጋር በብሎን ይገናኛሉ። በሀገራችን የሚሠራው ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ባለ 60 ዋት አምፖሎችን ሃምሳና ስልሳ አድርጎ በአንድ ሶኬት ላይ እንደ ማብራት ይቆጠራል። ለአምፖል የማይታወቅ የላላ ብሎን በምጣድ ላይ እሳት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ማንኛውም ፍተሻ ስፒናውን ከሶኬት በመንቀል ይጀመራል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የእኛ ስፒና ተገልብጦም ስለሚሰካ፣ ማብሪያው አንዱን መሥመር ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ምጣዱ ጠፍቶም ሳለ ኮረንቲው እስከ ሽቦው ድረስ ደርሶ ሊቆም ይችላል። ምጣዱ ከጋለም ፈጽሞ እስኪበርድ ይጠበቅ።

ቀጥሎ ስፒናውን በዓይን መመልከት ነው። እግሩ የጠቆረ፣ ፕላስቲኩ ያበጠ ወይም የቀለጠ ከሆነ ስፒናውም ሶኬቱም አብረው ይለወጡ፤ አዲስ ስፒና በተቃጠለ ሶኬት ላይ ቢሰካ ብዙም ሳይቆይ የቀድሞውን ዕጣ ያገኛል። ሶኬቱን በአምፖል ሞክሮ «ይሠራል» ማለት በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ለአምፖል የሚበቃ ግንኙነት ምጣድን ላይሸከም ይችላልና። ብሬከሩ ገና ሲሰካ ወዲያው የሚወድቅ ከሆነ ሁለቱ መሥመሮች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል፤ ቆይቶ የሚወድቅ ከሆነ ግን መሥመሩ ከዐቅሙ በላይ ተጭኖበታል፣ ወይም ከብሬከሩ አጠገብ የላላና የሚግል ማያያዣ አለ። ብሬከሩን በሚበልጥ አምፔር መቀየር በሽታውን ትቶ ጠባቂውን እንደ ማሰናበት ነው፤ ከግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ መቃጠል ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ ቴስተር ያስፈልጋል። ዋጋው ከአንድ አዲስ ምጣድ ጋር የሚነጻጸር ስላልሆነ እያንዳንዱ ደብር አንድ ቢኖረው እንመክራለን። ስፒናው ተነቅሎ፣ ማብሪያም ካለው በርቶ፣ ቴስተሩ በኦም መለኪያ ላይ ሆኖ ሁለቱ የስፒና እግሮች ይነኩ። ከ12 እስከ 16 ኦም ገደማ ካሳየ ሽቦውና ገመዱ ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ከሶኬቱ ወዲያ ነው። ምንም ካላሳየ ምጣዱን በጆንያ ላይ ገልብጦ ሽቦው ከገመዱ ጋር በሚገናኝባቸው ብሎኖች ላይ መለካት ነው። እዚያ ቁጥሩ ከታየ የተቋረጠው ገመዱ ወይም ማብሪያው ነው፤ እዚያም ካልታየ ሽቦው ተበጥሷል።

ወደ ስሕተታችን እንመለስ። ይህን ቅይጥ ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር አይበቃም፤ መገጣጠሚያው በጋለ ቁጥር ይዝግና ይላላል፣ ከቀረውም ሽቦ ይልቅ እዚያ ይግላል። በቆርቆሮም አይበየድም፤ ቆርቆሮው ከምጣዱ ግለት እጅግ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣልና። ከሁሉም የከፋው ማሳጠራችን ነበር። 14 ኦም የነበረ ሽቦ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። አንድ ዐሥረኛው ሲቆረጥ 12.6 ኦም ይሆንና ወደ 17.5 አምፔር ይወጣል፤ የተለመደው ስፒና ግን የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ሽቦውን ባሳጠርነው ቁጥር ምጣዱ ይበልጥ ስለጋለ «ጥገናው ሠመረ» አልን፤ ያ ግለት ስፒናውን ያቀለጠው ነው። ስለዚህ የተበጠሰ ሽቦ በተመሳሳይ ዋት አዲስ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ይተካ። ምርጊቱ በዝግታ ተፈልፍሎ ይነሣ፤ የቦዩ ርዝመት በሲባጎ ይለካ፤ አዲሱ ሽቦም በዚያ ልክ እኩል እየተሳበ ይዘርጋ። ጥቅልሎቹ በአንድ ቦታ ተጨናንቀው በሌላው ከሳሱ የተጨናነቀው ቦታ እንጀራውን ያሳርራል፣ ሽቦውም ከዚያው ይበጠሳል። ጫፎቹ በሁለት ሮንዴላ መካከል በብሎን ጥብቅ ይደረጉ፤ ፕላስቲክ የለበሰው ገመድ ከጋለው ሸክላ ጋር እንዳይነካካ ይጠንቀቁ።

ስለ መንዘር ግን ማዘግየት አይገባም። ምጣድ የሚነዝር ከሆነ የዚያን ዕለት ሥራ ያቁም፤ ጫማ ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሸክላው መሰንጠቅ ነው፦ ሊጡ በስንጥቁ ሰርጎ ከሽቦው ይደርሳል፤ እርጥብ ሊጥም ኮረንቲ ያስተላልፋል። የተሰነጠቀ ሸክላ በሲሚንቶም በሙጫም አይጠገንም፤ ይለወጣል። ሁለተኛው ምክንያት የሽቦው ወይም የገመዱ ጫፍ ላሜራውን መንካቱ ነው። ይህን ለማወቅ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በላሜራው፣ ሌላው በየተራ በሁለቱ የስፒና እግሮች ላይ ይደረግ፤ ምንም ቁጥር መታየት የለበትም። ቢጫና አረንጓዴ የሆነው የመሬት ሽቦ ከላሜራው ጋር መያያዙን፣ ሶኬቱም በእርግጥ የመሬት መሥመር ያለው መሆኑን ማየት ይገባል። የመሬት መሥመር መዘርጋትና በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚያቋርጥ ብሬከር ማስገባት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብ ኮሚቴው አይሠሥት። በዚያ ደብር ሸክላውም ሽቦውም ተለውጦ የመሬት መሥመር ገብቷል። እናታችን ግን እስከ ዛሬ ላስቲክ ጫማቸውን አላወለቁም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

በዚህ ዘዴ የኤሌክትሪክ ምድጃንና ካውያን መፈተሽ ይቻላል፤ የኦሙ ቁጥር ብቻ ይለያያል። የድምፅ ማጉያውን አምፕሊፋየር ግን የውጪውን ፊውዝ በተመሳሳይ አምፔር ከመለወጥ በቀር አትክፈቱ፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለም በኋላ ኮረንቲ ይዘው ይቆያሉ። በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ማሰር በብዙ ቦታ አይተናል፤ ከዚህ በኋላ የሚቃጠለው አምፕሊፋየሩ ራሱ ነው።

ተጠግኖ የተመረገ ምጣድ ዕለቱን አይሰካም። እርጥብ ጀሶ ራሱ ኮረንቲ ስለሚያስተላልፍ ቢያንስ ሁለት ቀን በጥላና አየር በሚያገኝበት ቦታ ይድረቅ፤ ከዚያም በላሜራውና በስፒናው መካከል ያለው ፍተሻ ይደገም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰካ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይብራና ይነቀል፤ ስፒናው በእጅ ተዳስሶ ቢሞቅ ብሎኑ አልጠበቀም ማለት ነው። ሸክላው አዲስ ከሆነ ማሟሸቱን ለጋጋሪዎቹ እንተውላቸው፤ የጎመን ዘሩን መጠንና የግለቱን ልክ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።