ምዕራፍ 7፦ «ጭንቅላቱን ለኩልኝ» በሉ

አዋቂ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀምበት ራስ ምታቱ ዕረፍት ይነሳዋል፤ ያስታውከዋል፣ ዐይኑም ይጋረድበታል። ሕመሙ ራሱ ሐኪም ቤት ይወስደዋል። የሕፃን ግን የራስ ቅል አጥንቶች ገና አልተጋጠሙም። ፈሳሹ ሲበዛ ጭንቅላቱ አብሮ ስለሚሰፋ ግፊቱ ለጊዜው ይረግብለታል። ልጁ እየጠባና እየሳቀ አንጎሉ ከውስጥ ይገፋል፣ ይሳሳል። ስለዚህ ምልክቱ ጎልቶ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም፤ ቀድሞ መፈለግ አለበት።

ፈሳሹ ከየት ይመጣል?

አንጎል በየቀኑ ንጹሕ ፈሳሽ ያመነጫል፤ የአዋቂ ሰው ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ፈሳሹ በአንጎል ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ተዘዋውሮ ወደ ደም ይመለሳል። መንገዱ ሲዘጋ ይጠራቀማል፤ ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ ይሉታል። አንዳንዱ ሕፃን ይዞት ይወለዳል፤ በተለይ የነርቭ ዘንግ ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) ያለበት። ሌላው ያለ ጊዜው ተወልዶ አንጎሉ ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም ማጅራት ገትር ሲይዘው ይመጣበታል። እርግማን አይደለም፤ እናትም የምትወቀስበት ነገር የለም። ጠበል የሚያስጠምቅ ቤተሰብ ጠበሉን ይቀጥል፤ ሕክምናውን ግን አንድ ቀንም አያዘግይ።

ሜትር ይበቃል

ምርመራው የሚጀምረው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ሜትሩ ከቅንድብ ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ፣ ከኋላ ጭንቅላቱ ጎላ በሚልበት በኩል ይዞራል። በጊዜው የተወለደ ሕፃን ልኬት አብዛኛውን ጊዜ 34 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ከዚያ እድገቱ እየቀነሰ ሄዶ በዓመቱ 45 ወይም 46 አካባቢ ይደርሳል።

አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ትልቅ ጭንቅላት በዘርም ይመጣል። የሚያሳስበው ልኬቱ ከለመደው መስመር ወጥቶ በፍጥነት ሲያሻቅብ ነው። ጭንቅላቱ ማደግ ካቆመም መመርመር አለበት። በአገራችን ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ለክትባት ይወሰዳሉ። በሦስቱም ቀን ቢለኩ የእድገታቸው አካሄድ በግልጽ ይታያል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

- ሕፃኑ ቀና ብሎ፣ ሳያለቅስ እርግብግቢቱ ከተወጠረ
- የዐይኑ ብሌን ወደ ታች ወርዶ ከበላዩ ነጩ ከታየ
- የራስ ቆዳው ሳስቶ ደም ሥሮቹ ከጎሉ
- ደጋግሞ ካስታወከ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው

ለብርድ የሚደረግለትን ኮፍያ በየቀኑ አውልቃችሁ ጭንቅላቱን እዩ፣ ዳብሱ።

ቶሎ ከተደረሰ

እርግብግቢቱ እስኪዘጋ ድረስ ሐኪሙ በእሱ በኩል አንጎሉን በአልትራሳውንድ ማየት ይችላል፤ ጨረር የለውም፣ አያምም። ችግሩ ከተረጋገጠ አንዱ ሕክምና ትርፉን ፈሳሽ ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ማስገባት ነው። ሌላው ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ በኡጋንዳዋ ምባሌ ከተማ ያዳበሩት ዘዴ ነው፤ በትንሽ ካሜራ እየታየ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፈታል፣ ፈሳሽ የሚያመነጨው ክፍልም ይቀነሳል። ቱቦ ስለማያስፈልገው፣ ቱቦ ቢደፈን በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ ለሚቸገር የገጠር ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የነርቭ ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ።

ቀዶ ሕክምናው ግፊቱን ያቃልላል፤ የተጎዳውን አንጎል ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። በ2 ወሩ የደረሰና በ10 ወሩ የደረሰ ልጅ አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸውም እኩል ተስፋ ላይኖራቸው ይችላል።

ለመውለድ የምታስቡም የነርቭ ዘንግ ክፍተትን ለመከላከል ከእርግዝናው በፊት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጀምሩ፤ የጽንሱ የነርቭ ዘንግ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ነው፤ ያኔ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውንም አያውቁም።

በሚቀጥለው የክትባት ቀጠሮ ልጁ ሲከተብ ቶሎ አትነሱ። የጤና ባለሙያዋን «ጭንቅላቱንም ለኩልኝ፣ ካርዱ ላይም ጻፉልኝ» በሏት። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።