ጥቁር ብርሃን የለም፦ በፕሮጀክተር ካርቶን ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ይነግሩናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናስተምርበት በነበረ አንድ ተቋም፣ ለመማሪያ አዳራሽ የሚገዛ ፕሮጀክተር እንዲመርጡ ከተሰየሙት የኮሚቴ አባላት መካከል እኛም ነበርን። ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት መሣሪያዎች ቀረቡልን። የአንደኛው ካርቶን «2400 ሉመን፣ ኮንትራስት 10,000፡1» ሲል የሁለተኛው «3600 ሉመን፣ ኮንትራስት 500፡1» ይላል። አሥር ሺህ ከአምስት መቶ እንደሚበልጥ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግምና የመጀመሪያውን መረጥን። መሣሪያው መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ በሚያዩ አዳራሽ ውስጥ ተተከለ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የጋለ አካል በየሞገድ ርዝመቱ የሚያመነጨውን ጨረር የሚያሳይ ግራፍ አቀረብን፤ ግራፉ በጥቁር መደብ ላይ በቀይና በሰማያዊ መስመሮች የተሳለ ነበር። የግራፉ ጫፍ ለምን ወደ ግራ እንደሚሸሽ ስንጠይቅ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «መምህር፣ የትኛው ግራፍ?» አለች። ወደ ኋላ ሄደን ስናየው እውነቷን ነበር፤ ሸራው ግራጫ ብቻ ነው።

መሣሪያው አልተበላሸም ነበር። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ቃላቱ ምን እንደሚለኩ ሳንጠይቅ ቁጥሮቹን አወዳደርን። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ሳይሆን ሥራ ላይ እንዳሉ፣ በዚያው አዳራሽ ውስጥ እንመለከታቸዋለን።

ሉመን አንድ የብርሃን ምንጭ የሚያወጣው፣ ለሰው ዓይን የሚታይ ብርሃን ጠቅላላ መጠን የሚለካበት አሃድ ነው። «ለሰው ዓይን» የሚለው ሐረግ ለጌጥ የገባ አይደለም። ዋት ማንኛውንም ጨረር እኩል ይቆጥራል፤ ሉመን ግን እያንዳንዱን ቀለም ዓይናችን ለእርሱ ባለው ንቃት ይመዝነዋል። ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚነቃው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር ገደማ ለሆነ አረንጓዴ ብርሃን ሲሆን፣ የዚህ ብርሃን አንድ ዋት 683 ሉመን ይሆናል። ዋት ለዋት ሲወዳደሩ ቀይም ሰማያዊም ከዚህ በእጅጉ ያንሳሉ። ይህን ልብ ይሏል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሉመኑ በሸራው ላይ ሲሰራጭ ሌላ አሃድ ያስፈልገናል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ አንድ ሉመን አንድ ሉክስ ይባላል። የአዳራሻችን ሸራ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ማለትም 3 ካሬ ሜትር ነበር። ስለዚህ 2400 ሉመን ያለው ፕሮጀክተር በሸራው ላይ 800 ሉክስ ያሳርፋል፤ 3600 ሉመን ያለው ደግሞ 1200 ሉክስ። ሸራውን በርዝመትም በቁመትም እጥፍ ብናደርገው ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናልና ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። «ምስሉ ትልቅ ይሁን» የሚል ሁሉ ይህን ዋጋ ይከፍላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፕሮጀክተር በሸራ ላይ ብርሃን ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይችልም። ጥቁር የሚባል ብርሃን ስለሌለ ጥቁርን «ሊያበራ» አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው በዚያ ቦታ ላይ ብርሃን አለመላክ ብቻ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፕሮጀክተሩ ከመብራቱ በፊት ሸራውን ተመልከት። ያ ነጭ ወይም ግራጫ መልክ ያ ክፍል በዚያ ሰዓት ሊኖረው የሚችለው እጅግ ጥቁሩ ጥቁር ነው። የፊደላቱ ጥቁረት የሚመጣው በዙሪያቸው ያለው ከእነርሱ ይበልጥ በመብራቱ እንጂ እነርሱ በመጨለማቸው አይደለም።

ኮንትራስት ማለት ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ ብሩህ ነው ማለት ነው። መጋረጃ በሌለበት፣ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን በሸራው ላይ 400 ሉክስ ያህል ያርፋል እንበል፤ ለመማሪያ ክፍል ይህ እንግዳ ቁጥር አይደለም። የክፍሉ ብርሃን በነጩም በጥቁሩም ላይ እኩል ይደመራል። በመረጥነው ፕሮጀክተር ነጩ 800 ሲደመር 400፣ ማለትም 1200 ሉክስ ነው፤ ጥቁሩ ደግሞ 400። እነሆ ኮንትራስቱ 3 ሆነ። አሥር ሺሁ የት ሄደ? በ400 ሉክስ ተዋጠ። የናቅነው ፕሮጀክተር ቢሆን ኖሮ 1600 ለ402፣ ማለትም 4 ገደማ በሰጠን ነበር። በወፍራም መጋረጃ የክፍሉን ብርሃን ወደ 20 ሉክስ ብናወርደው የኛው 41 ያህል፣ የናቅነው 54 ያህል ይደርሳሉ። የመረጥነው መሣሪያ ጎልቶ የሚያሸንፈው ድቅድቅ ጨለማ ሲሆን ብቻ ነው፤ በድቅድቅ ጨለማ ደግሞ ማንም ማስታወሻ አይጽፍም። ከሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት ይልቅ የጨርቁ ሥራ እንደሚበልጥ ልብ ይሏል፤ ከ3 ወደ 41 ያደረሰን መጋረጃ ነው።

ያ 10,000 ራሱ እንዴት እንደተገኘም መጠየቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ቁጥር «ዳይናሚክ ኮንትራስት» ይባላል። ነጩ የሚለካው መሣሪያው በሙሉ ኃይሉ ሲያበራ ነው፤ ጥቁሩ የሚለካው ግን ምስሉ በሙሉ ጥቁር ሲሆንና መሣሪያው መብራቱን ሲያደበዝዝ ወይም የብርሃን መግቢያውን ሲያጠብብ፣ ማለትም በሌላ ጊዜ ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስላሉት ነጭና ጥቁር የሚነግረን ነገር የለም።

ስለ ሉመን እንመለስበታለን ያልነውን እዚህ ላይ እናንሣው። በተለመደው የኮምፒውተር ቀለም አሠራር፣ ዓይናችን ከሚያየው የነጭ ብርሃን ብሩህነት ውስጥ 72 በመቶው የአረንጓዴው፣ 21 በመቶው የቀዩ፣ 7 በመቶው ብቻ የሰማያዊው ድርሻ ነው። እንግዲህ 800 ሉክሱ በቀይ መስመር ላይ 168፣ በሰማያዊ መስመር ላይ 56 ይሆናል። የመስኮቱን 400 ስንደምርበት ቀዩ ከ«ጥቁሩ» መደብ 1.4 እጥፍ፣ ሰማያዊው 1.14 እጥፍ ብቻ ይበራል። ተማሪዋ ግራፉን ያላየችው ዓይኗ ደክሞ አይደለም፤ ያዘጋጀንላት ሊታይ የማይችል ነገር ነው። ያው ሰማያዊ መስመር በነጭ መደብ ላይ ቢሳል ኖሮ መደቡ ከመስመሩ 2.6 እጥፍ በበራ ነበር። ሴሚናር የምታቀርቡ ተማሪዎች፣ በላፕቶፓችሁ ላይ ያማረው ጥቁር መደብ ብርሃን በበዛበት አዳራሽ ምን እንደሚገጥመው አስቀድማችሁ ብታሰሉ ትጠቀማላችሁ።

ፕሮጀክተሩ ብርሃንን የሚከለክለው በምን ዘዴ ነው? በገበያ ላይ ሁለት ስሞች ይደጋገማሉ። ኤልሲዲ የተባለው በፈሳሽ ክሪስታል ይሠራል፤ ይህን የቁስ ጠባይ ኦስትሪያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ፍሪድሪሽ ራይኒትሰር እ.ኤ.አ. በ1888 ነበር ያስተዋለው። ብርሃኑ በሁለት የፖላራይዜሽን ማጣሪያዎች መካከል ሲያልፍ ክሪስታሉ በኤሌክትሪክ እየታዘዘ የሞገዱን የውዝዋዜ አቅጣጫ ያዞራል ወይም አያዞርም፤ በዚህም ብርሃኑ ያልፋል ወይም ይታገዳል። ዲኤልፒ ግን በመስታወት ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1987 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ላሪ ሆርንቤክ በፈለሰፈው ቺፕ ላይ፣ እያንዳንዳቸው ከጠጉር ውፍረት የሚያንሱ መስታወቶች በሰከንድ በሺህ ጊዜ እየተገለበጡ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ወይም ከሌንሱ ውጭ ይጥላሉ። ሁለቱም መንገዶች ጥቂት ብርሃን ያሾልካሉ። ኦሌድ የተባለው የስልክና የቴሌቪዥን ስክሪን ግን እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ስለሚበራ፣ ጥቁር ሲፈለግ ነጥቡን ጨርሶ ያጠፋዋል። በነገራችን ላይ ሱቅ ውስጥ «ኤልኢዲ ሞኒተር» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው በኤልኢዲ አምፖሎች የሚበራ ኤልሲዲ ነው።

ይህን ያለ ላቦራቶሪ ማየት ይቻላል። ፖላሮይድ የሆነ የፀሐይ መነጽር በላፕቶፕ ስክሪን ፊት ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ በአንድ አቅጣጫ ስክሪኑ ይጨልማል። ነጭ ገጽ በሚያሳይ ስልክ ላይ ደግሞ የመርፌ ራስ የምታህል የውኃ ጠብታ አሳርፉ፤ ጠብታዋ እንደ ሌንስ ሆና ነጩ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ነጥቦች መሠራቱን ታሳያችኋለች።

እነዚህ ነጥቦች ፒክሰል የምንለውን ይገነባሉ፤ የፒክሰሎቹ ብዛት ሪዞሉሽን ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ምክንያቱም ለአዳራሽ ይህ ቁጥር እንደሚወራለት አይደለም። ጤናማ ዓይን የሚለያቸው ሁለት ነጥቦች ቢያንስ የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል መራራቅ አለባቸው፤ በ9 ሜትር ርቀት ይህ 2.6 ሚሊሜትር ነው። ባለ 1024 በ768 ፕሮጀክተር በ2 ሜትር ሸራ ላይ የሚጥለው ፒክሰል ግን 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የኋላ ወንበር ተማሪ ይህንንም ቢሆን ለይታ አታየውም፤ 3840 በ2160 ብንገዛላት ምንም አንጨምርላትም። እርሷን የሚጠቅማት ፊደሉን ማተለቅ ነው።

አንድ ቃል ቀረን፤ በካርቶኑ ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ማውጫ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ፤ «ሃይ አልቲትዩድ»፣ ማለትም ከፍተኛ ቦታ። ፕሮጀክተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2400 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚያጥበው ሙቀት ያንሳል። አብዛኞቹ መመሪያዎች ከ1500 ሜትር በላይ ይህ ምርጫ እንዲበራ ያዝዛሉ፤ ጎንደር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ጅማና ባሕር ዳር ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። ሲበራ ማራገቢያው ይፈጥናል፤ ድምፁም ይጨምራል። ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። የኛም በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ሁለት ሴሚስተር ያህል ጠፍቶ እንደነበር ያወቅነው፣ መጋረጃው ተሰፍቶ በመጣበት ቀን መሰላል ላይ ወጥተን ማውጫውን ስንከፍት ነው።