ምዕራፍ ሰባት፦ «ማን ተሳሳተ?» እና «ምን አሳሳተው?»

በዚህ ምዕራፍ ስለ ሁለት የአውሮፕላን አደጋዎች የሚናገር ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎም የግስን አዕማድ አጥንታችሁ፣ በመጨረሻ ምክንያትንና ውጤትን የሚያሳይ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

1. በቤታችሁ አንድ ዕቃ ሲሰበር በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ምንድን ነው?
2. «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር መቼ ይነገራል?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጧት አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ከስድስት ደቂቃ ያህል በኋላም በቢሾፍቱ አካባቢ ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 19 ቀን ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

በሁለቱም በረራዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፍቅ የነበረው አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። የአዲሱ አውሮፕላን ሞተሮች ከቀድሞዎቹ የሚተልቁና ወደ ፊት ገፋ ብለው የተተከሉ ስለሆኑ፣ አንዳንድ ጊዜ አፍንጫውን ከመጠን በላይ ቀና ያደርጉታል። ፕሮግራሙ የተሠራው ይህን እንዲያስተካክል ነበር። አውሮፕላኑ ከነፋሱ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ግን የአንዱን ቃል ብቻ ይቀበል ነበር። ያ አንዱ በተበላሸ ጊዜ፣ በደኅና የሚበረው አውሮፕላን ከመጠን በላይ ቀና ያለ መሰለው። አብራሪዎቹ አፍንጫውን ቀና ባደረጉት ቁጥር እርሱ መልሶ ደፈቀው።

ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ ብዙዎች ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ ቀሰሩ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና። ይሁን እንጂ ከዚያ አደጋ በፊት የፕሮግራሙ መኖር ለአብራሪዎች በሚሰጠው መምሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር። የአውሮፕላኑ ሠሪ፣ ችግር ቢደርስ አብራሪው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ለይቶ ያርመዋል ብሎ ገምቶ ነበር። ነገር ግን በአደጋው ጊዜ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ የማስጠንቀቂያ ደወሎች ይጮኻሉ፤ በግራና በቀኝ ያሉት የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎች የተለያየ ቁጥር ያሳያሉ። እንዲህ ባለ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው፣ በጠረጴዛ ላይ በወረቀት እንደታሰበው ሰው አይደለም።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። በኢንዶኔዥያ የወደቀው አውሮፕላን በዋዜማው ሲበር ያው ችግር ደርሶበት ነበር። በዚያ በረራ ላይ በአብራሪዎቹ ክፍል የተቀመጠ ሦስተኛ አብራሪ ስለነበረ፣ በእርሱ ምክር የማስተካከያውን የኤሌክትሪክ ኃይል አቋርጠው በደኅና አረፉ። ይሁን እንጂ የደረሰባቸው ሁሉ በመዝገቡ ላይ ተሟልቶ ስላልሰፈረ፣ የማግስቱ አብራሪዎች ነገሩን ሳያውቁ ተነሡ።

ከዚህ አደጋ በኋላ ለአብራሪዎች መመሪያ ተላለፈ። ቢሾፍቱ ላይ የወደቀው አውሮፕላን አብራሪዎችም ኃይሉን አቋርጠው በእጃቸው ሊያስተካክሉት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እንግዲህ ለሰው መንገር ብቻውን አላዳነም፤ መታረም የነበረበት ሥራው ራሱ ነበር።

ከሁለተኛው አደጋ በኋላ የዓለም አገሮች አውሮፕላኑ እንዳይበር አገዱ። ፕሮግራሙም እንደገና ተሠራ። አሁን የሁለቱን መሣሪያዎች ቃል ያነጻጽራል፤ በጣም ከተለያዩ ሥራውን ያቆማል፤ ደጋግሞም አይደፍቅም። አውሮፕላኑ በአሜሪካ እንደገና እንዲበር የተፈቀደው በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ነው።

ሰው ይሳሳታል፤ መሣሪያም ይበላሻል። ስለዚህ አስተዋይ የፕሮግራም ሠሪ «የሚሳሳት ሰው አይኖርም» ብሎ አይነሣም። «አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዴት ያድነዋል?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ዓለም አቀፉ የበረራ ደንብም የአደጋ ምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህ ማለት ግን ተጠያቂ የለም ማለት አይደለም፤ የዳኛ ሥራ ሌላ፣ የመርማሪ ሥራ ሌላ ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ተከሰከሰ — ከላይ ወድቆ ተሰባበረ
ደፈቀ — ተጭኖ ወደ ታች አዘቀዘቀ
ዋዜማ — የአንድ ቀን ዕለተ ዋዜማ፣ ቀድሞ ያለው ቀን
አነጻጸረ — አንዱን ከሌላው ጋር አስተያየ

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ፕሮግራሙ የተሠራው ለምን ነበር? ጉድለቱስ ምን ነበር?
2. በዋዜማው በረራ የተገኘው ትምህርት ለማግስቱ አብራሪዎች ያልደረሰው ለምንድን ነው?
3. «ለሰው መንገር ብቻውን አላዳነም» የተባለው ለምንድን ነው?

ሠ. ሰዋስው

ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. አብራሪው ተሳሳተ።
2. የተበላሸው መለኪያ አብራሪውን አሳሳተው።

ሁለቱም ግሶች «ሳተ» ከሚለው የወጡ ናቸው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ «አብራሪው» ነው፤ ነገሩ በእርሱ ተጀምሮ በእርሱ ያልቃል። በሁለተኛው ግን አብራሪው ተሳቢ ሆኗል፤ ባለቤቱም ለስሕተቱ ምክንያት የሆነው መለኪያ ነው። እንግዲህ «አሳሳተ» የሚለው ግስ ከስሕተቱ ጀርባ ያለውን እንድንፈልግ ያስገድደናል።

ተደራጊ ግስም ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ለአብራሪዎች አልተነገረም» ስንል አድራጊው ይሰወራል። «ሠሪው ለአብራሪዎች አልነገረም» ስንል ግን ማን እንዳልነገረ ይታወቃል። ስለዚህ ስለ አደጋ የሚጽፍ ሰው «ተሳሳተ» ብሎ ቸኩሎ ከመፍረድም፣ በተደራጊ ግስ አድራጊውን ከመሸሸግም መጠበቅ አለበት።

መልመጃ፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ፣ አድራጊው እንዲታወቅ እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች ለውጣችሁ ጻፉ።

1. ችግሩ ተሟልቶ አልተመዘገበም።
2. የኤሌክትሪኩ ኃይል ተቋረጠ።
3. አውሮፕላኑ እንዳይበር ታገደ።

ረ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ስለ ደረሰ አንድ ትንሽ አደጋ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። የሰው ስም አትጥቀሱ። በመጀመሪያው አንቀጽ የሆነውን በቅደም ተከተል ተርኩ። በሁለተኛው «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» በሚሉት ቃላት እየተጠቀማችሁ ሰውየውን ምን እንዳሳሳተው አስረዱ። በሦስተኛው፣ ሌላ ሰው ነገ ያንኑ ስሕተት ቢሠራ ጉዳት እንዳይደርስ ምን መለወጥ እንዳለበት ግለጹ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሦስተኛውን አንቀጽ መልሳችሁ አንብቡ። የሚለው «ወደፊት ይጠንቀቅ» ብቻ ከሆነ ገና አልጨረሳችሁም፤ እንደገና ጻፉት።